ደጅ፣ መስኮት፣ ወረፋ

«ሕዝባችን ሰልፍ አያውቅም» የሚለው ነቀፋ በአዲስ አበባ የማይሰማበት ቀን የለም። በታክሲ በር ላይ ግፊያ ሲበረታ ይባላል፤ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ክርን ከክርን ሲጋጭም ይባላል። የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ከሚጋፉት አንዱ ነው። ነቀፋው ግን የታሪኩን ግማሽ ይተዋል። ሕዝባችን መጠበቅን ያውቃል፤ እንዲያውም በመጠበቅ የሠለጠነ ሕዝብ ነው። የሠለጠነበት መጠበቅ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ስሙም ደጅ ጥናት ይባላል።

በቀደመው ሥርዓት የወር ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ሹመትም፣ ጉልትም፣ ምሕረትም የሚገኘው ከጌታ እጅ ነው፤ የጌታ እጅ የሚገኘው ደግሞ ከደጁ ነው። ሹመት ፈላጊው ስንቁን አስይዞ፣ አሽከሩን አስከትሎ ይመጣል። ማልዶ እጅ ይነሣል፤ ጌታው ሲወጣ ያጅባል፤ ሲገባ ከውጭ ይቆማል። ይህ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። የጥበቃው ምሥጢር ታዲያ ቀድሞ መምጣት አልነበረም፤ መታየት ነበር። ከሁሉ በፊት የመጣው ሰው ጌታው ካላየው እንዳልመጣ ይቆጠራል። ትናንት የደረሰው ደግሞ «ያ ማን ነው?» ተብሎ ከተጠየቀለት ጉዳዩ በግማሽ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ደጅ ጠኚ ይጋፋል። መጋፋቱ ነውር አይደለም፤ የሙያው ክፍል ነው እንጂ።

ቋንቋችን ይህንን ሁሉ በስሞቹ ውስጥ አስቀምጦልናል። ከፍ ካሉት ማዕረጎቻችን አንዱ ደጃዝማች ነው፤ ደጅን በስሙ ውስጥ ተሸክሞ ይኖራል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ባለ ሥልጣን ነበረ። ልብ በሉ፤ እልፍኝ አስገቢ አልተባለም። ሥራው እንግዳ ማስተናገድ ሆኖ ሳለ የተሰየመው ግን በመከልከሉ ነው። ዛሬ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለንን ሰው ስናይ ዘመን ያመጣው ክፋት ይመስለናል። እኔ ግን የዘር ሐረጉ ረጅም እንደሆነ አምናለሁ። ወደ ትልቅ ሰው ባዶ እጅ አይኬድምና የሚቀርበውም ስጦታ እጅ መንሻ ይባል ነበር። በእጅ መንሻና በጉቦ መካከል ያለው ድንበር የት እንደነበረ ለመናገር የሚደፍር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ በአንድ ቀን ተሰጠ፤ ሥራው ግን ከሹሙ ግቢ ወጥቶ የራሱን ቤት እስኪያገኝ ዓመታት ማለፍ ነበረባቸው። «መሥሪያ ቤት» የሚለው ቃል ራሱ አንድ አዲስ አሳብ ነው። የማንም እልፍኝ ያልሆነ፣ ሰው ሊሠራበት ብቻ የሚገባበትና ሲመሽ የሚወጣበት ቤት ማለት ነውና። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ድርሰቱ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ መክሮ ነበር። በዘመኑ ይህ እንዴት ያለ ድፍረት እንደነበር አስቡት! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚል አገር የንጉሡ ኪስና የመንግሥት ካዝና ሁለት ናቸው ማለት፣ ሹመት ሥራ እንጂ ድርሻ አይደለም ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ የቀረው ንግግር ነው።

መስኮት የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ፣ የ50 ዓመት መብት የተሰጠው ኩባንያ ነበር። የአገሩ ሰው የሚያምነው ገንዘብ በዚያን ጊዜ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንጊዜም 1780 የሆነ የአውሮፓ ብር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ አንድ ሺህ ብር ሊያስቀምጥ የመጣ ነጋዴ ወደ ባንኩ ያስገባው 28 ኪሎ ብረት ነው። ብሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ተጠራጣሪው ሰው ደግሞ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ሳይቆጥር አይቀበልም። ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሁሉ ተራ ይፈልጋል፤ ከኋላ ያለው ሰው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን የፊተኛው ሰው ብር በገበታው ላይ ተበትኖ ሳለ ሊቀድም አይችልም። የወረፋ አስተማሪ የሆነው እንግዲህ ሰባኪ ሳይሆን የብር ክብደት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደጅና መስኮት የሚለያዩበት ሌላም ነገር አለ። ደጅ ሰውን ሙሉውን ያያል፤ ካባውን፣ በቅሎውን፣ የአሽከሮቹን ብዛት። መስኮት የሚያየው እጅንና ወረቀትን ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ከመዝገቡ ፊርማ ጋር ከገጠመ ይከፈላል፤ ካልገጠመ ደጃዝማችም ቢሆን አይከፈለውም። ቢያንስ ደንቡ የሚለው ይህንን ነው።

ባንኩ በ1923 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጣ። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ የሚቆጣጠር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ቆመ። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ተሟላ። ሰዉ ግን ወደ መስኮቱ የሚሄደው ደጅ ያስተማረውን ይዞ ነበር። ጸሐፊውም በበኩሉ ከመስኮቱ ወዲያ ሲቀመጥ ትንሽ ጌታ የሆነ ይመስለዋል። ስሙን ጠርቶ እጅ ለነሣው ቀና ይላል፤ ዝም ብሎ ለቆመው ሰው ደግሞ «ነገ ተመለስ» ይላል።

በጥንቱ አገባቡ ሰልፍ የጦር ቃል ነው። ሠራዊት ለውጊያ የሚቆምበት ሥርዓት ማለት ነው። በደርግ ዘመን ይህ ቃል ሁለት ሥራ ያዘ። ጠዋት በአብዮት አደባባይ ሰልፍ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና ሰልፍ ይያዛል። ከእናቶቻችን እንደሰማነው ሌሊት ወጥተው በቦታቸው ድንጋይ ወይም ዘንቢል ያስቀምጡ ነበር። ድንጋዩም ይከበር ነበር፤ የእገሊት ድንጋይ ተብሎ። ሰልፍ አያውቅም የተባለው ሕዝብ ለድንጋይ ተራ ጠበቀ! ነገር ግን ወዶ የገባበት ሰልፍ አልነበረምና ቃሉ እስከ ዛሬ በብዙዎች ጆሮ የእጦት ድምፅ አለው። አንዳንድ ሽማግሌ ከመሰለፍ መቅረት የሚመርጠው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከሰልፍ ይልቅ እኔ የምወደው ተራ የሚለውን ቃል ነው። ተራ ማለት ወረፋ ነው፤ ተራ ማለት ማዕረግ የሌለው ሰውም ነው። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ለጊዜው ተራ ሰው ለመሆን ፈቅዷል፤ ለደጅ ጠኚ የልጅ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም በ2000ዎቹ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ማንም በአዋጅ ያላዘዘው ነገር ሆነ። ቀድሞ በመስኮት ሳይቀር የሚገባበት ሚኒባስ ታክሲ ፊት ሕዝቡ ረጃጅም መስመር ሠርቶ መቆም ጀመረ። ተራ አስከባሪዎቹ የሚጮኹት በታክሲዎቹ ላይ ነው፤ የሰዉን መስመር ግን ሰዉ ራሱ ይጠብቀዋል። ሊቀድም የመጣ ሰው ሲገኝ የሚሰማው ድምፅ የጥበቃ ሠራተኛ አይደለም፤ «እኛስ?» የምትል አንዲት ሴት ድምፅ ናት።

በመሥሪያ ቤቶቻችንም ቃል ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ በአዋጅ ከተፈቀደ ወዲህ «ባለ ጉዳይ» የነበረው ሰው ቀስ በቀስ «ደንበኛ» ሆነ። ባለ ጉዳይ ጉዳይ አለበት፤ ደንበኛ ግን ሌላ ባንክ መሄድ ይችላል። ፈገግታችን የመጣው ከዚያ ነው፤ ከደግነታችን ነው ብዬ በሐሰት አልመሰክርም።

አሁን በምሠራበት ቅርንጫፍ በር ላይ ቁጥር የምትሰጥ መኪና አለች። ቁጥሩን የያዘ ሰው ወንበር ላይ አረፍ ብሎ እስኪጠራ መጠበቅ ይችላል። ወጣቶቹ ስልካቸውን እየነካኩ ይቀመጣሉ። ጋቢ የለበሱ አባቶች ግን ቁጥራቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው ከመስኮቴ አጠገብ ይቆማሉ። «አባቴ፣ ይቀመጡ፤ ቁጥርዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ» እላለሁ። «ግድ የለም ልጄ፣ እንዲያው እንድታየኝ ብዬ ነው» ይሉኛል።