ከማባዣ መኪና የወጡ ጀግኖች

በምሥራቅ ሮም፣ በፒኜቶ ሰፈር፣ ፋንፉላ ዳ ሎዲ በሚባለው ጎዳና የሚያልፍ ሰው ግድግዳ ላይ ባለቅኔውንና የፊልም ሠሪውን ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒን የልዕለ ጀግና ጭምብል አጥልቆ ያየዋል። ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ2014 የሣለው ኦሚኖ 71 በሚል ስም የሚታወቅ የጎዳና ሠዓሊ ነው። ፓዞሊኒ በ1961 ለእይታ ያበቃውን የመጀመሪያ ፊልሙን «አካቶኔ»ን የቀረፀው በዚሁ ሰፈር፣ የድሆቹን ኑሮ ተከትሎ ነበር። ለባለቅኔ ጭምብል ማልበስ ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለው ይሆናል፤ እኔ ግን ልዕለ ጀግና ወደ ተነሣበት ሰፈር እንደተመለሰ እቆጥረዋለሁ።

ሱፐርማን ራሱ የወጣው ከማተሚያ ድርጅት አልነበረም። በክሊቭላንድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ጄሪ ሲግል በማባዣ መኪና የሚያባዛት «ሳይንስ ፊክሽን» የምትባል መጽሔት ነበረችው። በጥር 1933 በወጣው ሦስተኛ እትሟ ጓደኛው ጆ ሹስተር በሥዕል ያጀበው ታሪክ ታተመ። የዚያ ታሪክ «ሱፐርማን» ነፃ ዳቦ ለመቀበል ከተሰለፉ ችግረኞች መካከል አንድ ሳይንቲስት መርጦ መድኃኒት የሰጠው፣ ኃይል ሲያገኝም የከፋ ሰው ነው። መጽሔቷ ከአምስተኛው እትም አላለፈችም፤ ዛሬ የምናውቀው ደጉ ሱፐርማን የወጣው በ1938 ነው። ያቺን ማባዣ የእኛም አገር የ1960ዎቹ ተማሪ በደንብ ያውቃታል፤ በራሪ ወረቀቱን ሌሊት ሌሊት ያባዛው በእሷ ነበርና።

በሮም ደግሞ መኪናዋ ራሷ ጀግና ሆነች። በ1977፣ የተማሪ አመፅ ከተማዋን ሲንጣት፣ ስቴፋኖ ታምቡሪኒና ማሲሞ ማቲዮሊ «ካኒባሌ» የተባለ መጽሔት ጀመሩ፤ አንድሬያ ፓዚዬንሳ፣ ፊሊፖ ስኮዛሪና ታኒኖ ሊቤራቶሬም ተቀላቀሏቸው። በ1978 ታምቡሪኒ ተማሪዎች ከፎቶ ኮፒ ማሽን ዕቃዎች የገጣጠሙትን ጡንቸኛ ሮቦት ፈጠረ፤ ስሙንም በማሽኑ አምራች ራንክ ዜሮክስ ጠራው። ኩባንያው ሲቆጣ ስሙ «ራንዜሮክስ» ተብሎ ተጻፈ። ሮቦቱ ማንንም አያድንም፤ ይደባደባል፣ ያፈቅራል፣ ያጠፋል። በ1980 በተመሠረተው «ፍሪጂዴር» መጽሔት ላይ ሊቤራቶሬ በቀለም ሲሥለው ዝናው ባሕር ተሻገረ፤ ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ እንኳ በ1983 ላወጣው አልበም ሽፋን ራሱን በራንዜሮክስ ቁመና አሥሏል። ታምቡሪኒ በ1986 ሲያርፍ ገና በ30 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት 1 ቀን ወጣቶች ከፒኜቶ ወደ ምሥራቅ ባለው ቼንቶቼሌ የሚገኘውን አሮጌ ምሽግ፣ ፎርቴ ፕሬኔስቲኖን፣ ተቆጣጠሩ። ከ2005 ጀምሮ «ክራክ» የተባለው ፌስቲቫል ራሳቸው አትመው ራሳቸው የሚሸጡ ሠዓሊዎችን እዚያ ይሰበስባል፤ ሥራዎቹም በምሽጉ የምድር ውስጥ ክፍሎች ይታያሉ። ሮማዊው የኮሚክስ ሠዓሊ ዜሮካልካሬም ቢሆን ወደ ታላላቅ አሳታሚዎች ከመድረሱ በፊት የመጀመሪያ መጽሐፉን በ2011 ያወጣው በሙያ ባልደረባው በማኮክስ ድጋፍ ነው።

ወደ እኛም ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ኮሚክስ በኢታን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያሳትም፣ ጀግናውን አማኑኤል ጥላሁንን ያደረገው ሥራ ፈላጊ ምሩቅ ነው። ዳቦ ጠባቂ ሰልፍ ላይ ለቆመው የሲግል ሰው የሥጋ ዘመዱ ነው።