ከስንጥር እስከ ሥዕል፦ የዋግ ሕፃናትና የአዲስ ቃል ትምህርት

ሕፃንን አቅፎ የሥዕል መጽሐፍ እየገለጡ አዳዲስ ቃላትን ማስተማር በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ዞን ዕድሜው አጭር ነው። በሰቆጣ ከተማ ጥቂት ቤቶች ያውቁታል፤ እንደ ሰሃላ ባሉ የተከዜ ዳር ቆላማ ወረዳዎች ግን ገና ሥር አልሰደደም። ይህ ማለት የአካባቢው ሕፃን ቃል የሚያስተምረው አጥቶ ኖሯል ማለት አይደለም። ትምህርቱ ነበረ፤ መጽሐፍ ግን አልነበረውም።

የመጀመሪያው የቃላት ትምህርት ቤት የምድጃው ዳር ነው። ማታ ከብት ገብቶ እራት እስኪደርስ አያት ተረት ትነግራለች፤ ልጆች እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ። «እንቆቅልሽ?» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ የተነሣ ልጅ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። ጨዋታው የሚገባውን ያህል አድናቆት አላገኘም እንጂ ለቃላት ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው፤ የነገሩን ቅርጽ፣ ቀለምና ግብር አስቀድሞ ይዘረዝርና ልጁ ስሙን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያስገድደዋል። ቀን ደግሞ ሥራው ያስተምራል። በፍየል እረኝነት የዋለ ልጅ የእንስሳቱን ዕድሜ፣ ፆታና ቀለም የሚለዩ ቃላትን ማንም ሳያስጠናው ያውቃቸዋል። የዚህ ትምህርት ወሰን የሚታየው ልጁ በዓይኑ ያላየው ነገር ሲመጣ ነው። ባሕር፣ ባቡር፣ በረዶ የሸፈነው ተራራ ከምድጃው ዳር ሆኖ የሚጠቆም ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ የፊደል ገበታውን ታቅፎ፣ በስንጥር ፊደሉን እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳን፣ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይወጣል፤ መጨረሻው ዳዊት መድገም ነው። ይህ ሥርዓት ማንበብን በማስተማር ረገድ ለዘመናት አገልግሏል። ትርጉምን ግን ለኋላ ያቆያል፤ ልጁ አጥርቶ የሚያነበው ግዕዝ ፍቺው የሚነገረው፣ ትምህርቱን ከቀጠለ፣ ከዓመታት በኋላ ነው። አፉን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጠኛ ለፈታ የዋግ ልጅ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ነበር፤ በግዕዝ የሚያነበውን በአማርኛ ይፈቱለታል። በቤተ ክርስቲያን ለሕፃን ቃል ይበልጥ የቀረበው ገበታው ሳይሆን ግድግዳው ነበር ማለት ይቻላል። እናት ልጇን አዝላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ስትቆም ፈረሱን፣ ጦሩን፣ ደራጎኑን በጣቷ እያሳየች ትነግረዋለች፤ ልጁም መልሶ ይጠይቃታል። መጽሐፍ አይሁን እንጂ ሥዕልን አብሮ መመልከትና መነጋገር ይኸው ነው።

ኽምጠኛ በወረቀት ላይ የሰፈረው ከሕፃናቱ በፊት ለሩቅ አገር ምሁራን ነው። የቪየናው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ ስለ ቋንቋው ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳተመ፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ አበርገሌው አነጋገር ጻፈ። ሁለቱም ሥራዎች የቋንቋ ተመራማሪዎችን ጠቅመዋል፤ ለዋግ ልጅ የሚሆን አንድ ገጽ ንባብ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት አልተዘጋጀም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የመጣው በአማርኛ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ኽምጠኛ ተናጋሪው ልጅ ፊደልንና ቋንቋን ባንድ ጊዜ ይጀምር ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 ቋንቋዎችን ቢጠቀምም ኽምጠኛ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። በሩ የተከፈተው ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በፈቀደው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ኽምጠኛ እንደ ጘ ያሉ ተጨማሪ ፊደላት ይዞ በኢትዮጵያ ፊደል ተጻፈ፤ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎችም ገባ። ሆኖም የገባው በመማሪያ መጽሐፍ መልክ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከትምህርት ቤት በፊት ላለው የአራት ዓመት ልጅ አይደርስም፤ ለመኝታ ሰዓት ንባብም አይመችም።

በሌላው ዓለም ሥዕልንና ቃልን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልጅን ማስተማር የቆየ ታሪክ አለው። ሞራቪያዊው መምህር ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 ያሳተመው ሥዕላዊ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ሥዕል ስሙን በላቲንና በጀርመንኛ ያሰፈረ ነበር። ዘዴው በጥናት የተፈተሸው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኒኒዮና ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡት ጥናት እናት ከሕፃን ልጇ ጋር መጽሐፍ ስታይ ተመሳሳይ ዙር ደጋግማ እንደምትከተል አሳዩ፤ ታመለክታለች፣ ትጠይቃለች፣ ስሙን ትነግራለች፣ የልጁን መልስ ታጸናለች። ዋይትኸርስት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ አሠራር ወላጆች የሚሠለጥኑበት ዘዴ አደረጉት፤ ልጁ አድማጭ መሆኑ ቀርቶ ተራኪ እንዲሆን ይደረጋል። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ዋርዊክ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ውጤት ታሪኩ ዝም ብሎ የተነበበላቸው ልጆች በአዳዲሶቹ ቃላት ላይ 15 በመቶ ያህል ሲያሻሽሉ፣ መምህሩ እግረ መንገዱን ፍቺውን የነገራቸው 40 በመቶ ያህል አሻሽለዋል። ለዋግ ይበልጥ የሚቀርበው ይኸው ሰው ከባልደረባው ከማንጉባይ ጋር በፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረገው ጥናት ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማሩ ነበሩ፤ ክፍሎቻቸው 250 ያህል የታሪክ መጻሕፍት ሲሰጧቸው ንባባቸው ከተለመደው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አደገ።

በኢትዮጵያ የሕፃናትን ተረት ከምድጃ ዳር አውጥተው ለሕዝብ ያደረሱት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረኩ። ቴሌቪዥን ግን ታሪኩን ይነግራል እንጂ ቆም ብሎ ልጁን አይጠይቅም። ለሥዕል መጽሐፍ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ሞኙ ማሞ»ን አወጣ። በማግስቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በአዋሳ በአህያ ጋሪ የሚጓዝ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት በቴሌቪዥን መጣ። ይህ ሁሉ በአመዛኙ የከተማና የአማርኛ ታሪክ ነው።

በሥዕል እያነጋገሩ የማስተማሩ ዘዴ ራሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጀልባ የተሣለበት ገጽ ተከፈተ እንበል። የተከዜ ግድብ ውኃ ከተጠራቀመ ወዲህ ለሰሃላ ዳርቻ ልጅ ጀልባና ዓሣ አጥማጅ እንግዳ አይደሉም፤ ስለዚህ አዋቂው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከሚያውቀው ይነሣል። «ሰውየው በእጁ የያዘው ምንድን ነው?» ሲለው ልጁ «እንጨት» ይላል። አዋቂው «አዎ፣ የጀልባ እንጨት ነው፤ መቅዘፊያ ይባላል፤ ውኃውን ይቀዝፍበታል» ብሎ መልሱን ሳይነቅፍ ያሰፋለታል። ልጁ ቃሉን በአፉ ይለዋል፤ በነጋታው መጽሐፉ ሲገለጥ ቀድሞ የሚጠቁመው እርሱ ይሆናል። ለአንድ ንባብ ከአምስት ስድስት አዲስ ቃል በላይ መጫን አይበጅም፤ አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ ግን አያሰለቸውም። ፊደል ያልቆጠረች እናትም በሥዕሉ ላይ ይህን ሁሉ ልታደርግ ትችላለች። በገጠር ለዘዴው ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ በሚገባው ልክ ሲነገርለት ግን አይሰማም።

ችግሩ መጽሐፉ ላይ ነው። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ የዜሮ ክፍል ሲስፋፋ፣ በገጠር የተከፈቱት ክፍሎች ብዙዎቹ ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ እምብዛም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ ድጋፍ የተካሄደው ትልቁ የንባብ ፕሮጀክት በሰባት ቋንቋዎች ሲሠራ ኽምጠኛ አሁንም ውጭ ቀረ። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው ቃል ኪዳን ስሙን ከሰቆጣ ወስዷል፤ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ብዙ ሲባል ስለ መጽሐፍ የተባለው ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ድርቅ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን መታ። የተራበ ልጅ ከትምህርት ገበታ ሲቀር መጽሐፍ ቅንጦት ይመስላል።

በካርቶን ታሽገው የሚመጡ የእንግሊዝኛ የእርዳታ መጻሕፍት ይህን ክፍተት አይሞሉም፤ አዋቂው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለዋግ የሚያዋጣው የአበርገሌ ፍየል፣ የንብ ቀፎና የተከዜ ጀልባ የተሣሉባቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር በኽምጠኛና በአማርኛ አንድ አንድ መስመር የሰፈረባቸው ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ለዚህ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ተፈቅዷል፣ ፊደሉ ተሰናድቷል፣ ቋንቋውን በክፍል የሚያስተምሩ መምህራንም በዞኑ አሉ፤ የቀረው አሳታሚና የሕትመት ገንዘብ ነው።