አውሮፕላን የወጣበት የብስክሌት ጋራዥ

ብስክሌት ለሰርቪስ ሲገባ ምን ይደረግለታል? ፍሬኑ ይስተካከላል፣ የተጣመመ ቸርኬው ይቃናል፣ ካቴናው ታጥቦ ዘይት ይቀባል፣ ኩሽኔታው ግራሶ ያገኛል። ተራ ሥራ ይመስላል። አውሮፕላን የወጣው ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ ነው።

ዊልበርና ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካዋ ዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ፤ መሸጥ፣ መጠገን፣ ከ1896 ጀምሮም የራሳቸውን መሥራት። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አልነበራቸውም። የሙከራቸውን ወጪ የሸፈነው የሱቁ ገቢ ነው። በ1903 የበረረውን አውሮፕላን ሞተር የሠራላቸው የሱቁ መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ሲሆን፣ የፈጀበት ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ፕሮፔለሮቹ ያደረሰውም እንደ ብስክሌቱ ካቴና ነበር።

እኛስ? ራይቶች ከበረሩ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፣ ንቀቱ ግን ቀረ። ዛሬ አዲስ አበባ የብስክሌት መንገድ እየሠራች ነው፤ መልካም። ብስክሌቱን የሚጠግነውን ልጅ ግን አሁንም «ትምህርት ያልሆነለት» እንለዋለን። እጁ ግራሶ የነካውን ማክበር ካልጀመርን፣ መንገዱን ሠርተን የሚሄድበትን ሁሉ ከውጭ ስንገዛ እንኖራለን።