የተፈጥሮ ሕግና የመንግሥት ሥልጣን፦ የላይሳንደር ስፑነር ሙግት

መንግሥት ሰውን የማዘዝ ሥልጣን የሚያገኘው ከየት ነው? ለዚህ ጥንታዊ ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የተነሡት የግለሰብ ነፃነት አናርኪስቶች ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥተዋል። ከእነርሱም መካከል በ1808 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የተወለደው የሕግ ሰው ላይሳንደር ስፑነር በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

የስፑነር ሙግት የተጀመረው ከገዛ ሙያው ነው። በዘመኑ የነበረው የማሳቹሴትስ ደንብ ለጥብቅና የሚዘጋጅ ሰው በጠበቃ ሥር እንዲማር ያዝዝ ነበር፤ የጊዜውም ልክ ኮሌጅ ለጨረሰ ሦስት፣ ላልጨረሰ አምስት ዓመት ነበር። ስፑነር ኮሌጅ ሳይገባ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ፤ ደንቡ ድኃውን ለማገድ የቆመ ነው ሲልም ተከራከረ። በ1836 የግዛቲቱ ምክር ቤት ገደቡን አነሣው።

በ1844 ደግሞ ከመንግሥት ፖስታ ጋር የሚወዳደር ድርጅት አቋቋመ። ከ400 ማይል በላይ ለሚጓዝ ባለ አንድ ወረቀት ደብዳቤ መንግሥት 25 ሴንት ሲያስከፍል፣ እርሱ በቦስተን፣ በኒውዮርክ፣ በፊላደልፊያና በባልቲሞር መካከል ለሚላኩ ደብዳቤዎች 20 ቴምብር በአንድ ዶላር ይሸጥ ነበር። በ1845 ኮንግረስ በአንድ በኩል ታሪፉን ቀነሰ፣ በሌላ በኩል የግል ፖስታን ክልከላ አጠበቀ፤ ድርጅቱም ተዘጋ።

ጥልቁ ሙግት ግን የመጣው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ስፑነር የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ ቢሆንም፣ ከ1867 እስከ 1870 ባሳተማቸው ጽሑፎች የሰሜኑ መንግሥት በሕዝብ ፈቃድ እገዛለሁ እያለ አንድነትን በጦር ማጽናቱን ነቀፈ። ሕገ መንግሥት ውል ከሆነ የሚያስረው የፈረሙትን ነው፤ ፈራሚዎቹ ደግሞ ሞተዋል። በኃይል የተወሰደ ግብር ፈቃድን አያመለክትም፤ በምሥጢር የተሰጠ ድምፅም ማን ማንን እንደ ወከለ አያሳይም። በ1882 በወጣው ድርሰቱ ደግሞ ፍትሕ እንደ ማንኛውም ሳይንስ ሰው መርምሮ የሚያገኘው እንጂ በአዋጅ የሚፈጥረው አይደለም ሲል ደመደመ።

ይህ መሠረት በገዛ ወገኖቹ መካከል እንኳ አልጸናም። ከ1881 ጀምሮ «ሊበርቲ» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ቤንጃሚን ታከር፣ በጀርመናዊው ፈላስፋ በማክስ ሽቲርነር አስተሳሰብ ተስቦ የተፈጥሮ መብትን ካደ፤ መብት ሰዎች ተዋውለው የሚፈጥሩት ነው አለ። እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ እንደ ሥነ ልክ ግልጽ ከሆነ፣ ሁለቱ የአንድ ዓላማ ሰዎች ስለምን ሊስማሙበት አልቻሉም?

ልክ ያለ ለኪ አይሠራም። ስፑነር ይህን አልዘነጋውም፤ በ1852 ባሳተመው መጽሐፍ ከሕዝብ በዕጣ የሚወጡ 12 ዳኞች ፍሬ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ራሱን እንዲመዝኑ ጠይቆ ነበር። ይሁን እንጂ የ12ቱ ፍርድ ተከሳሹን የሚያስረው በማን ፈቃድ ነው? ስፑነር በመንግሥት ላይ ያነሣው ጥያቄ በዚህ ዞሮ ወደ እርሱ ይመለሳል። ቢሆንም የጥያቄው ክብደት አይቀንስም፤ ፈቃድ ሰጪና ከልካይ የሆነ ማናቸውም አካል፣ የሙያ ማኅበርም ቢሆን፣ ሥልጣኑን ከማን እንዳገኘ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባልና።