መስከረም በደጋን፦ ከድንኳን ማስጣት እስከ ጥንቅሽ



ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ደጋናችን ክረምትን የምታሰናብተው በሥራ ነው። በሊቃውንቱ የዘመን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ሲሆን፥ በማግሥቱ መፀው ይገባል። እኛ ግን እስከዚያ አንታገሥም፤ ሰማዩ ጠራ ካለ ክረምት ወጣ ብለን እጅጌያችንን እንሰበስባለን።

ሥራው ብዙ ነው። ዝናብ ያረሰው ግድግዳ በጭቃ ይለሰናል፤ መደቡና ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። በጭስ የከረመው ጀንዲና ጋቢ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ሳሙና እንደልብ ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። የጤፉ አረም ገና አላለቀም፤ ማሽላውም ፍሬ ሲቋጥር ወፍ ይወርድበታል። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፤ እኛም እንዲሁ ውለን ነው ያደግነው።

ቅሬውም የራሱ ሥራ አለበት። ክረምቱን ተጠቅልሎ የከረመው ድንኳን ካልተሰጣ ይሻግታል። ቃሬዛው ይፈተሻል፤ የመቃብሩ ሣር ይታጨዳል፤ ጎርፍ የበላው መንገድ በድንጋይ ይሞላል።

ደስታውም እዚያው ሥራው ውስጥ ነው። በእሳት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፥ ጥንቅሽ እየላጡ መምጠጥ፥ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቁ ቡና መጠጣት! በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መውሊድ መስከረም 5 ቀን ስለዋለ፥ ከእንቁጣጣሽ ጋር በአንድ ሳምንት ተገናኙ። የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፥ ይህ ዓይነቱ መገናኘት በየዓመቱ አይገኝም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል። ተራ አለመሆኑን ያወቅነው የቀረ ዕለት ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ተመታ። ደግሞ በ1976 ዓ.ም. ዝናቡ ከዳ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ የወሎ ገበሬ የሚጠብቀው እሸት አልነበረውም። በዚያው ጥቅምት ወር የኮረም መጠለያ ሕዝብ ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። በብዙ ቦታ ለቀባሪም ጉልበት ታጥቶ ነበር። ቅሬ የቆመው ሰው ሰውን እንዲቀብር ነው፤ ለመቅበርም ግን መጀመሪያ መብላት ያስፈልጋል።

ቅርብ ጊዜም አይተናል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ በደቡብ ወሎ ቆላማ ቦታዎች ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ ጅራፍ እያጮኸ፥ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ተከላከለ፤ ማማ ላይ የተማርነው ያን ጊዜ ጠቀመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ፥ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ የመኸሩን ወቅት ያዘብን። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ማን አጭዶ ማን ይከምራል?

ስለዚህ የዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፥ ድንኳኑን የቅሬው ዳኛ ብቻ አይሰጣው፤ ያ ጥላ የሁላችንም ነው። ሁለተኛ፥ ክረምቱን ሐዘን የገባበት ቤት ማሳው አረም እንዳይውጠው፥ ደቦው መጀመሪያ እዚያ ይውረድ። ከቀብር ተመልሰን አፈሩን ከእጃችን ስናራግፍ የቅሬ ሥራ አለቀ የምንል ከሆነ፥ የሟች ልጆች እሸት ማን ያበላቸዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ አንድ ጧት ብንሰጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጠጠው ጥንቅሽ የበለጠ ይጣፍጣል።

ዘመኑን የጥጋብና የሰላም ያድርግልን።