ኪልት በትእዛዝ፣ ኪልት በምርጫ

ስኮትላንዳዊ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዳማ ዳማ ጉርድ ለብሶ ባግፓይፕ የሚነፋ ወንድ ነው። ሰውዬው ወታደር ይሁን ሲቪል በምን ይለያል? ከኋላ ዞራችሁ ሽንሽኑን ተመልከቱ። የሲቪሉ ጨርቅ ብዙ ጊዜ የሚሸነሸነው የዳማው ንድፍ ከኋላም እንደ ፊቱ ሳይሰበር እንዲታይ ነው። በብዙ ክፍለ ጦሮች ግን በየሽንሽኑ ላይ አንድ የተመረጠ መስመር ብቻ እንዲወርድ ይደረጋል። መቶ ሰው ሲሰለፍ መቶ ጉርድ አንድ ይሆናል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ከፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ እንኳ የወታደሩ በሰልፍ ጊዜ የፈረስ ፀጉር ሲሆን ሲቪሉ ቆዳ ይበቃዋል።

ትልቁ ልዩነት ግን ቀለሙ ነው። ሲቪሉ የጎሳውን ወይም ደስ ያለውን ይለብሳል። ወታደሩ ጎሳው ምንም ይሁን ምን የክፍለ ጦሩን ነው።

የሚገርመው ግን ታሪኩ ነው። በ1746 እ.ኤ.አ. የደጋው ስኮትላንድ አማፅያን ከሎደን ላይ ድል ሲሆኑ፣ የለንደን ፓርላማ የደገኛውን ልብስ በሕግ ከለከለ። መጀመሪያ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ የደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ ነፃ ያደረገው የንጉሡን ወታደር ብቻ ነበር። እንግዲህ የአባቱን ልብስ መልበስ የናፈቀው ወጣት ያለ ቅጣት የሚለብሰው አባቱን ላሸነፈው ጦር ሲቀጠር ነው ማለት ነው! ሕጉ በ1782 እስኪሻር ድረስ አንድ ትውልድ አደገ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው ድግስ ላይ ንጉሡ ራሱ ኪልት ለበሰ (ከሥሩ ሮዝ ታይት አድርጎ ነበር ይባላል)። ያን ጊዜ ነው የከተማው ጨዋ ሁሉ የጎሳዬ ቀለም የትኛው ነው እያለ መፈለግ የጀመረው።

አንዳንዱ መልሱን ያገኘው ከጦር ሠራዊቱ ነው። በ1794 የተቋቋመው የጎርደን ክፍለ ጦር የመንግሥትን ጥቁር አረንጓዴ ዳማ ወስዶ ቢጫ መስመር ጨመረበት። የጎርደን ጎሳ ዛሬ የእኔ የሚለው ንድፍ ይኸው ነው።

በጦር ሜዳ ግን ኪልት ብዙ አልቆየም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በካኪ ሽርጥ ተሸፈነ፤ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ከውጊያ ልብስነት ወጣ። በ2006 የስኮትላንድ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ሲዋሃዱ፣ ከሙዚቀኞቹ በስተቀር ሁሉም ያንኑ የመንግሥት ዳማ ለበሱ። ቢጫዋ መስመር ዛሬ ሠርግ ላይ ኪልት ተከራይቶ የሚለብሰው ሙሽራ ጋር ናት።