የምጣዱ ሽቦ፦ ከኮሎኝ እስከ ቤር ሼቫ

ትምህርት ቤት «ሖክ ኦም» ብለው ያስተማሩን ቀመር ክፍል ውስጥ በነበረችው ትንሽ አምፖል ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለን ነበር። በብዙዎቻችን ቤት ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ከሸክላው ሥር በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ተኝቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጠጋኞቹ ይህን ሽቦ «ሪዚስታንስ» ነው የሚሉት። ተቃውሞ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ «ሂትናግዱት»። እዚህ የምከተለው የዚያን ሽቦ ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ጌኦርግ ኦም በ1789 በጀርመን አገር ኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጥ ራሱን አስተምሮ ለልጆቹ ሒሳብ ያስተማረ ባለሙያ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የእኛም አያቶች በጎንደር አካባቢ ከሚታወቁባቸው ሙያዎች አንዱ ብረት መቀጥቀጥ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ወለቃ እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በሸክላ ነው። ጎረቤት ማረሻውንና ምጣዱን ይገዛቸዋል፣ ዞር ብሎ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። የብረት ሠሪ ልጅ ስሙ የዓለም መለኪያ ሆኖ መቅረቱ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኦም ኮሎኝ ውስጥ መምህር ሳለ፣ በ1825 እና በ1826፣ ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እያቀያየረ ይሞክር ነበር። መጀመሪያ የተጠቀመበት የቮልታ ባትሪ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ልኬቱን አበላሸበት። ፖገንዶርፍ የተባለ ሊቅ ሌላ ምንጭ እንዲሞክር መከረው፦ የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያ፣ አንዱ ጫፍ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላው በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ። የሁለቱ የሙቀት ልዩነት ስለማይለወጥ ምንጩም ጸና። ያኔ ነገሩ ጠራለት፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ባጠረ ቁጥር ይጨምራል። መጽሐፉን በ1827 አሳተመ። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሥራውንም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሰጠው በ1841 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል፣ ሽቦ ውስጥ የሚወጣው ሙቀት ፍሰቱ በራሱ ከዚያም በተቃውሞው ሲባዛ በሚገኘው ልክ መሆኑን አሳተመ። በ1906 ደግሞ አልበርት ማርሽ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ ፓተንት አገኘ። ይህ ቅይጥ ቀልቶ ሲግል በቀላሉ አይቃጠልም፣ ተቃውሞውም ብዙ አይለወጥም። የምጣድ ሽቦ የሚሠራው ከዚህ ዓይነት ቅይጥ ነው።

አሁን ወደ ኩሽናው እንግባ። ቮልት (ማታህ) ለአምፔር (ዜሬም) ሲካፈል ኦም ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲባዙ ዋት (ሄስፔክ)። ለኢትዮጵያ መስመር፣ ለ220 ቮልት፣ የተሠራ 3,500 ዋት ምጣድ እንውሰድ። 3,500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፔር ገደማ ነው፤ 220 ለ15.9 ሲካፈል ደግሞ 13.8 ኦም። ያንኑ ምጣድ ቤር ሼቫ አምጥተን 230 ቮልት ላይ ስንሰካው ሽቦው ያው ሽቦ ነው፣ 13.8 ኦም። ፍሰቱ ግን 16.6 አምፔር ይሆናል፣ ኃይሉም ከ3,800 ዋት ያልፋል። የእስራኤል ተራ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው።

ብዙ የቆዩ ሺኩኖች ደግሞ ከመንገዱ የሚገባላቸው «1 በ25» ነው፤ ለቤቱ ሁሉ 25 አምፔር። ምጣዱ 16.6፣ ባለ 2,000 ዋት ኩምኩም 8.7፤ ድምሩ 25.3። ማቀዝቀዣውንና ዱዱን ገና አልቆጠርንም። አርብ ጠዋት ሻልተር ዘሎ ቤቱ ሲጨልም «እማዬ ኤሌክትሪክ አትችልበትም» የሚል ልጅ ካለ፣ እነዚህን ቁጥሮች ይደምር። እናቱ ምንም አላጠፋችም፣ የቤቱ መስመር ነው የጠበበው።

ከዚህ የሚከፋው ጥገናው ነው። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ማያያዝ የተለመደ ነው። «አጥሯል፣ እንግዲህ ትንሽ ይደክማል» ይባላል። ተቃራኒው ነው! አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 13.8 የነበረው ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ ፍሰቱ 18.5 አምፔር፣ ኃይሉ ወደ 4,250 ዋት ይወጣል። ኦም በኮሎኝ ያየው ይኸው ነበር። ምጣዱ ቶሎ ይግላል፣ እንጀራውም ዓይኑ ያምራል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም፤ የሚሰቃየው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው።

ቀጭን ማራዘሚያ ሲጨመርበትማ የጁልን ቀመር አስታውሱ። 10 ሜትር ርዝመት ያለው፣ የመዳቡ ውፍረት 0.75 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ወደ 0.47 ኦም ተቃውሞ አለው። በ16 አምፔር ወደ 120 ዋት ሙቀት ገመዱ ላይ ይቀራል። የ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ቢሆን 36 ዋት ብቻ። 120 ዋት ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር ከተቀመጠ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል።

በትንሽ መልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። ምጣዱ ተነቅሎ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ በሶኬቱ ሁለት እግሮች መካከል ይለካ። 3,500 ዋት ተብሎ የተሸጠው ምጣድ ወደ 14 ኦም ካሳየ ሽቦው የቀድሞው ነው። 12 ካሳየ ተቆርጧል፤ አዲስ ሽቦ ያስፈልገዋል፣ ለብቻው የተዘረጋ መስመርም ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ይዘርጋለት።